ገንዘቡ ለተቸገሩት እንዲደርስ የሰፈር ሩጫ እንዴት ይዘጋጃል?

የሰፈር የበጎ አድራጎት ሩጫ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መንገድ ላይ አይደለም። ሩጫው ያምራል። ሰው ይመጣል፣ ይጨፍራል፣ ፎቶ ይነሳል። ጉዱ የሚታየው በማግስቱ ሒሳብ ሲሠራ ነው። የካኔቴራው፣ የሞንታርቦው፣ የውኃውና የባነሩ ተከፍሎ ሲያልቅ፣ ጧሪ ለሌላቸው እናቶችና አባቶች የተረፈው ብር የአንድ ወር አስቤዛ አይሸፍንም።

ይህ መመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ ከእድር ወይም ከሰፈር ኮሚቴ ጋር ሆኖ ለ300 ሰው ገደማ የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ለሚያዘጋጅ ሰው ነው። ክፍለ ሀገር ብትሆኑም ሥራው ያው ነው። ቅደም ተከተሉን ግን አትቀያይሩ። ካኔቴራ ወደ ኋላ የተገፋው በምክንያት ነው። ቢያንስ 3 ወር ያዙ፤ በ3 ሳምንት የሚዘጋጅ ሩጫ ሁሉን ነገር በውድ ይገዛል።

1. ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል ወስኑ

“አቅመ ደካሞችን ለመርዳት” ብላችሁ አትጀምሩ። ያ ዓላማ ሁሉንም ስለሚያቅፍ ማንንም አይረዳም። አንድ ሥራ ምረጡ። ለምሳሌ፦

- ክረምት ሳይገባ የሚያፈስ ጣሪያ ማደስ
- መስከረም ላይ ለተማሪ ልጆች ደብተር፣ ቦርሳና ዩኒፎርም መግዛት
- የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ዓመታዊ መዋጮ መክፈል
- አልጋ ላይ ለዋሉ ሰዎች ዳይፐርና መድኃኒት ማቅረብ

የጤና መድኑን ከመረጣችሁ አስቀድማችሁ ወረዳ ጠይቁ። መክፈል የማይችሉ ነዋሪዎች መዋጮ በመንግሥት የሚሸፈንበት አሠራር ስላለ፣ የተሸፈነለትን ሰው ደግማችሁ እንዳትከፍሉለት። ምዝገባና እድሳትም ወቅት አለው፤ ወቅቱ ካለፈ ገንዘቡ ተቀምጦ ይከርማል።

ቀጥሎ ስም ዝርዝር አዘጋጁ። ቤት ለቤት የሚሄዱ 3 ሰዎች መድቡ፤ አንዷ ሰፈሩን አብጠርጥራ የምታውቅ የእድር እናት ትሁን። እያንዳንዱን ቤት ሁለት ሁለት ሆናችሁ እዩ። የኮሚቴ አባል ዘመድ ዝርዝሩ ውስጥ ካለ፣ አባሉ በዚያ ስም ላይ ሲወሰን ይውጣ። ዝርዝሩ ከገንዘቡ ሊበልጥ ስለሚችል፣ በችግሩ ክብደት ቅደም ተከተል አውጡለትና በቃለ ጉባኤ አስፍሩት። ይህ ከሩጫው በፊት ካልተጻፈ በኋላ ጠብ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የተረጂዎች ስም ከኮሚቴው አይውጣ። ፎቶአቸው ባነር ላይ አይለጠፍ። መድረክ ላይ አቁማችሁ ፖስታ አትስጧቸው። ስንት ዓመት ቤቱን ዘግቶ ችግሩን የደበቀ አባት፣ ጎረቤቱ ሁሉ እያየው እጁን እንዲዘረጋ ማድረግ እርዳታ አይባልም።

2. ገንዘቡ የሚገባበትን ቦታ አስተካክሉ

ከሕዝብ ገንዘብ የሚሰበስበው ሕጋዊ ሰውነት ያለው አካል መሆን አለበት። የተመዘገበ እድር ካላችሁ በእርሱ ሥሩ። ከሌላችሁ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ከተመዘገበ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት ጋር የስምምነት ሰነድ ተፈራረሙ። ሰነዱ ላይ ገንዘቡ ለየትኛው ሥራ እንደሚውል፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚለቀቅና ድርጅቱ ለአስተዳደር የሚይዘው ነገር ካለ ስንት እንደሆነ በቁጥር ይጻፍ።

1. ለሩጫው ብቻ የሚያገለግል የባንክ ሒሳብ ክፈቱ። በ3 ሰው ጣምራ ፊርማ ይንቀሳቀስ።
2. ሕጋዊ ደረሰኝ አዘጋጁ። ከመደብር የተገዛ ካርኒ ላይ ማኅተም መምታት አይበቃም፤ ተከታታይ ቁጥር ያለው፣ የድርጅቱ ስም የታተመበት ይሁን።
3. ለእያንዳንዱ ትኬት ሻጭ የተሰጠውን ጥራዝ ከቁጥር እስከ ቁጥር መዝግቡና አስፈርሙ።
4. በሞባይል የሚከፈለውም ወደ ድርጅቱ ሒሳብ ይግባ። የገንዘብ ያዡን የግል ቴሌብር ቁጥር ፖስተር ላይ አታውጡ። ሰውየው የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆን ለሐሜት አሳልፋችሁ እየሰጣችሁት ነው።

3. በጀቱን ከታች ወደ ላይ ሥሩ

ብዙ ኮሚቴ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የቀረቡ ናቸው፤ የሰፈራችሁን ዋጋ ተክታችሁ ራሳችሁ ደምሩ።

300 ሰው በ500 ብር ቢመዘገብ 150,000 ብር ይገባል። ካኔቴራው ከነህትመቱ 350 ብር ከሆነ 105,000 ወጣ። ለሞንታርቦ፣ ለውኃ፣ ለባነር፣ ለሕክምናና ለትራንስፖርት 30,000 በሉ። የቀረው 15,000 ብር ነው። ሯጩ ለተቸገረ ሰው ሰጠሁ ብሎ ካወጣው 100 ብር የደረሰው 10 ብር ብቻ ነው።

አሁን ካኔቴራውን አውጡት። በምትኩ የመሮጫ ቁጥርና አንድ ዓይነት ቀለም ያለው የክንድ ሪባን በ40 ብር አዘጋጁ። ወጪው 12,000 ይሆናል። ሌላው ባለበት ቢቀጥል 108,000 ብር ይተርፋል። ከ100 ብር 72ቱ ደረሰ ማለት ነው። ሰው ያው፣ መንገዱ ያው፣ ድካሙ ያው።

“ያለ ካኔቴራ ማን ይመጣል?” የሚል ሰው ኮሚቴው ውስጥ አይጠፋም። ታላቁ ሩጫ በ1994 ከተጀመረ ወዲህ ካኔቴራ የሩጫ ምልክት ሆኖ ስለለመድነው አባባሉ እውነት አለው። መፍትሔው ግን ከተረጂው ድርሻ ቆርሶ ማሳተም አይደለም። ወይ ሙሉ ወጪውን የሚችል ስፖንሰር ፈልጉ፣ ወይ ካኔቴራ ለሚፈልግ ሰው ዋጋውን ለይታችሁ ጨምሩበት። ስፖንሰር ከሩጫው 30 ቀን በፊት ካልፈረመና ካልከፈለ እንደሌለ ቁጠሩት። በቃል ኪዳን ካኔቴራ አይታዘዝም።

ገቢውን የሚያሳድገው ሌላ ነገር የቃል መግቢያ ወረቀት ነው። እያንዳንዱ ሯጭ ከመሥሪያ ቤቱ፣ ከቤተሰቡ ወይም ውጭ አገር ካለ ዘመዱ 4 ሰው ያስፈርም። “እኔ 5 ኪሎ ሜትር ልሮጥ፣ አንተ 100 ብር ክፈል” ይበል። ግማሹ ሯጭ ብቻ ቢሠራበት እንኳን 60,000 ብር ተጨመረ። ወጪ የለውም፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ነው።

ሁለት ደንብ በቃለ ጉባኤ አስገቡ፦

- ነፃ ትኬት የለም። ለእንግዳም፣ ለኃላፊም፣ ለኮሚቴ አባልም።
- ወጪ ከገቢው 30 በመቶ ከበለጠ ኮሚቴው ተሰብስቦ አንድ ነገር ይሰርዛል። የመጀመሪያው ተሰራዥ ሞንታርቦው ነው።

4. ቀንና ሰዓት ምረጡ

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ደረቅ ስለሆነ ይመረጣል። እሑድ ጠዋት መኪና ይቀንሳል። ግን የቀን መቁጠሪያውን ከሰፈሩ ሰው ጋር ሆናችሁ ተመልከቱ።

- በአቅራቢያችሁ ያለው ደብር የሚያነግሥበትን ቀን ሽሹ። ኅዳር 12፣ ኅዳር 21፣ ታኅሣሥ 19 እና የጥምቀት ሰሞን መንገዱ የእናንተ አይደለም።
- በረመዳን የሚጾም ሰው ውኃ አይጠጣም። በሁዳዴ ደግሞ ብዙ ሰው እስከ ቀትርና ከዚያም በላይ እህል አይቀምስም። በባዶ ሆድ አታስሩጡ።
- ታላቁ ሩጫ አብዛኛውን ጊዜ ኅዳር ላይ ነው። ከእርሱ ቢያንስ 3 ሳምንት ራቁ። የሰው ኪስ አንድ ነው።

መነሻውን ጠዋት 1 ሰዓት አድርጉ። እየተራመደ የሚጨርሰው ሰው ከ70 እስከ 80 ደቂቃ ስለሚፈጅበት መንገዱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ይለቀቃል። የመንገዱ አንድ በኩል በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚያልፍ ከሆነ ቅዳሴ ላይ ነውና እዚያ ጋ ሙዚቃም ጭፈራም እንዳይኖር አስቀድማችሁ ተናገሩ። ሌላ መንገድ ካለ ግን እርሱ ይሻላል።

5. መንገዱን በእግራችሁ ለኩ

የ5 ኪሎ ሜትር አንድ ዙር ከመሥራት የ2.5 ኪሎ ሜትር ዙር ሁለቴ ማዞር ይሻላል። የምታሰማሩት ሰው በግማሽ ይቀንሳል። አንዱ የውኃ ጣቢያ ሁለቴ ያገለግላል። አምቡላንሱ ከማንም አይርቅም። ልጆችና አረጋውያን አንድ ዙር ሮጠው በክብር ይጨርሳሉ።

1. ሁልጊዜ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ዙር አውጡ። ሯጩ የመንገዱን ቀኝ ይዞ ስለሚሄድ የመኪና መስመር አያቋርጥም።
2. በስልክ መተግበሪያ ሁለት ሰው ለየብቻ ይለካ። ልዩነቱ ከ100 ሜትር ከበለጠ ድገሙት።
3. ሩጫው በሚካሄድበት ሰዓትና ቀን፣ ማለትም እሑድ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ዙሩን ተራመዱ። ቀን ላይ የማይታዩ ነገሮች ያኔ ይታያሉ፦ የውሻ መንጋ፣ የጉሊት ሴቶች የሚዘረጉበት ጥግ፣ የታክሲ ተራ፣ ሌሊት የተደፋ የግንባታ አሸዋ።
4. ክዳን የሌለው የፍሳሽ ጉድጓድ፣ የተንጠለጠለ ሽቦና የተነሳ ኮብልስቶን እያያችሁ ቦታውን መዝግቡ። ጠል ያረፈበት ኮብልስቶን ያዳልጣል፤ ቁልቁለት ከሆነ ዙሩን ቀይሩ።
5. የመጀመሪያው 300 ሜትር ሰፊ መንገድ ላይ ይሁን። 300 ሰው በአንድ ጊዜ ጠባብ ቅያስ ውስጥ ሲገባ ልጅ ይረገጣል።
6. መጨረሻው ሜዳ ላይ ወይም ለስላሳ አቀበት ላይ ይሁን። ቁልቁለት ላይ የሚጨርስ ሩጫ ጉልበት ይሰብራል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ከቆላ ወይም ከውጭ የመጣ እንግዳ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደ ሰፈሩ ሰው አይሮጥም። እንዲራመድ ንገሩት።

6. ፈቃዱን በወረቀት ያዙ

ቢያንስ ከ6 ሳምንት በፊት ደብዳቤ አስገቡ። ለወረዳው አስተዳደር፣ ለፖሊስ ጣቢያውና ለትራፊክ ፖሊስ። ዙራችሁ ወረዳ የሚያቋርጥ ከሆነ ወደ ክፍለ ከተማው ውጡ። ደብዳቤው ዓላማውን፣ ቀኑን፣ መነሻና መዝጊያ ሰዓቱን፣ የሰው ብዛቱን፣ የመንገዱን ንድፍና የሁለት ኃላፊዎችን ስልክ ይያዝ።

ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉ፣ በእጃችሁ በሚቀረው ላይ የገቢ ቁጥሩንና ቀኑን ሳታስጽፉ አትውጡ። ሳምንት ጠብቃችሁ በዚያ ቁጥር ተከታተሉ። “ችግር የለውም፣ ቀጥሉ” የሚል የቃል መልስ ፈቃድ አይደለም። ያን ያለው ሰው እሑድ ጠዋት ቢሮ አይኖርም፤ መንገድ ላይ የሚያገኛችሁ ሌላ ፖሊስ ነው። ማኅተም ያለበትን ኮፒ እያንዳንዱ የመስቀለኛ መንገድ አስተባባሪ ኪሱ ይያዝ።

ፈቃድ ካልተሰጠ፦ አትከራከሩ፣ ሩጫውንም አትሰርዙ። ትምህርት ቤት ወይም ስታዲየም ጠይቁ። 400 ሜትር መም ላይ 5 ኪሎ ሜትር 12 ዙር ተኩል ነው። በር ስላለው ትኬት መቆጣጠርም ይቀላል። ይህን አማራጭ ከመጀመሪያው አስባችሁ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተነጋግራችሁ ብትቆዩ ጭንቀት የለም።

7. መመዝገብና ቁጥር ማደል

የምዝገባ ቅጹ ስም፣ ዕድሜ፣ ስልክና የቅርብ ተጠሪ ስልክ ይያዝ። ስለ ልብ ሕመም፣ ደም ግፊት፣ አስም፣ ስኳርና የሚጥል በሽታ ጠይቁ። አለብኝ ያለውን ሰው አትከልክሉት፤ ሐኪሙን እንዲያማክርና እንዲራመድ ምከሩት፣ ቁጥሩ ላይ ቀይ ነጥብ አድርጉ። ከቁጥሩ ጀርባ የተጠሪው ስልክ ይጻፍ። ሰው ወድቆ ስሙን መናገር ሲያቅተው ጥቅሙ ይገባችኋል።

ማስጠንቀቂያ፦ በስልክ ከፍያለሁ ብሎ ስክሪንሾት ለሚያሳይ ሰው ቁጥር አትስጡ። ስክሪንሾት በቀላሉ ይጭበረበራል። ገንዘቡ ሒሳቡ ውስጥ መግባቱን ገንዘብ ያዡ አይቶ ደረሰኝ ይቁረጥ።

ካኔቴራ ካለ በመጠን አስመዝግቡ። ከማሳተማችሁ በፊት አንድ ናሙና አስመጡና በሙቅ ውኃ እጠቡት፣ አሹት። ቀለሙ እጃችሁ ላይ ከቀረ ማተሚያ ቤቱን ቀይሩ። ጽሑፉን ሦስት ሰው ያንብበው። የስፖንሰሩ ስም አንድ ፊደል ከተሳሳተ 300ውም ይመለሳል።

ቁጥር የሚታደለው አርብና ቅዳሜ ነው። በሩጫው ዕለት ጠዋት ምዝገባ የለም። ይህን ደንብ የጣሰ ኮሚቴ 1 ሰዓት ብሎ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ያስነሳል።

8. ሰው አሰማሩ፣ ሕክምና አዘጋጁ

ለ300 ሯጭ ከ35 እስከ 40 አስተባባሪ ያስፈልጋል። በየመስቀለኛው 2 ሰው ፊሽካና አንጸባራቂ ሰደርያ ይዞ ይቁም። ፊት በብስክሌት የሚመራ አንድ፣ ከኋላ የመጨረሻውን ሰው የሚከተሉ ሁለት። ከተከታዮቹ በኋላ ሯጭ የለም፤ እነርሱ ሲያልፉ መስቀለኛው ይከፈታል። የታክሲ ተራ አስከባሪዎችን አስቀድማችሁ አማክሩ፤ እሑድ ጠዋት መንገዱን ከእነርሱ በላይ የሚያዝ የለም።

ውኃ ለአንድ ሰው ግማሽ ሊትር አስቡ፤ 150 ሊትር ነው። ከሙዝና ከብርቱካን ሌላ ስለሚበላ ነገር አትጨነቁ። ሁለቱ ለጾመኛም ለማይጾምም ይሆናሉ።

ሁለት ነርስ፣ ቃሬዛና በተጠንቀቅ የሚቆም መኪና ይኑር። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ ፖሊስ 991። አስቀድማችሁ ቀይ መስቀልን በደብዳቤ ጠይቁ። አምቡላንስ የሚገባበት አንድ መንገድ ምንም እንዳይቆምበት ሰው መድቡለት።

ሰው ቢወድቅ፦

1. ሰውን አስርቁ።
2. ጠርታችሁ፣ ትከሻውን ነካ አድርጋችሁ እዩ። ካልመለሰና በደንብ ካልተነፈሰ 907 እየተደወለ የሠለጠነው ሰው ደረቱ መሐል መጫን ይጀምር።
3. ራሱን ለሳተ ሰው አፉ ውስጥ ውኃ አትጨምሩ።
4. የሚጥለው ሰው ከሆነ ክብሪት አታሽትቱት፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ አትያዙት። ከጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፤ ሲያቆም በጎኑ አስተኙት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ ጥሩ።

ክብሪቱን የሚያመጣ ደግ ሰው ሁሌም አለ። ስለዚህ አስተባባሪዎቹን ቅዳሜ ስትሰበስቡ ይህን ደጋግማችሁ ንገሯቸው።

9. የሩጫው ቀን

- 11፡00 ኮሚቴው ይገናኛል፤ መንገዱ እንደገና ይታያል፣ ጉድጓዶች ላይ ምልክት ይደረጋል።
- 12፡00 አስተባባሪዎች በየቦታቸው ይቆማሉ፤ ሁሉም በስልክ “ደርሻለሁ” ይበል።
- 12፡30 ሯጮች ይሰበሰባሉ፣ ሰውነት ያሟሙቃሉ። ማለዳው ስለሚበርድ ይህን አትዝለሉ።
- 12፡50 ንግግር፣ አንድ ሰው፣ 3 ደቂቃ። ገንዘቡ ለየትኛው ሥራ እንደሚውል ብቻ ይናገር።
- 1፡00 ፈጣኖቹ ይነሳሉ። 1፡03 ተራማጆች፣ ልጆችና ጋሪ የሚገፉ ይከተላሉ።

መጨረሻው ላይ የሚፈጠረውን ልብ በሉ። ሰው መስመሩን እንዳለፈ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ጉልበቱን ይይዛል፣ ጓደኛውን ይጠብቃል። ከኋላ የመጣው ይጋጨዋል። ውኃውን መስመሩ ላይ ስታድሉ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ጠረጴዛውን 50 ሜትር ወደፊት ውሰዱት። ሰው ውኃውን ሲያይ እየተራመደ ያልፋል።

አስተባባሪ ከቀረ ከሁለቱ አንዱን ከሌላ መስቀለኛ አንሱ፤ አስፋልት የሚነካ መስቀለኛ ግን ያለ ሰው አይቅር። ዝናብ ከመጣ ዙሩን ወደ አንድ ቀንሱ። መብረቅ ካለ አታስነሱ።

10. ሒሳቡን ዝጉ፣ ገንዘቡን አድርሱ

በዕለቱ የተሰበሰበ ጥሬ ገንዘብ ካለ እዚያው 3 ሰው ይቁጠረው፣ ይፈርምበት። ሰኞ ጠዋት ባንክ ይግባ። ከዚያ ገንዘብ ላይ ለማንም፣ ለሞንታርቦ ባለቤትም ቢሆን፣ በእጅ አይከፈል። ሁሉም ከሒሳቡ ይወጣል።

በ15 ቀን ውስጥ አንድ ገጽ ሪፖርት አውጡ፦ ስንት ሰው ተመዘገበ፣ ስንት ገባ፣ በምን በምን ወጣ፣ ስንት ተረፈ። እድሩ ሰሌዳ ላይ ለጥፉት፣ ለከፈሉት ሁሉ በስልክ ላኩት። ደረሰኞቹን ማየት ለሚፈልግ ቀንና ቦታ ንገሩ። የተረጂ ስም ግን አይጻፍ፤ “11 ቤት” ማለት ይበቃል።

ጣሪያ ከሆነ ቆርቆሮና ሚስማሩን ገዝታችሁ አድርሱ፣ ለአናጺው እናንተ ክፈሉ። መድኃኒት ከሆነ ለፋርማሲው ክፈሉ። በጥሬው መስጠት ካለባችሁ ሁለት ሆናችሁ ቤት ሂዱ፣ መፈረም ለማይችሉ የጣት አሻራ ተቀበሉ፣ ካሜራ አትያዙ።

ቃል ገብቶ ያልከፈለ ሰው ሁለቴ ይደወልለት። ከዚያ ተዉት፤ ሪፖርቱ ላይም አትቁጠሩት። ቆርቆሮ የሚታዘዘው ሒሳቡ ውስጥ በገባው ብር ልክ ነው። ዘግይቶ የገባውን ለዝርዝሩ ቀጣይ ቤት አውሉት። የደረሰኝ ጉርዶቹን፣ ቃለ ጉባኤውንና የሯጮቹን መዝገብ በአንድ ፋይል አድርጋችሁ ለእድሩ ጸሐፊ አስረክቡ፤ የርክክቡ ወረቀት ላይም አስፈርሙ።